ሹሩባ እየተሠራ የተነገረ ነገር፦ ፒያሳ ያየሁት የተማሪዎች ትያትር

ጥሩ ትያትር ነው። ይረዝማል፣ መብራቱ መሀል ላይ ጠፍቶብናል፣ አንድ እንቅልፍ የሚያስመጣ ትዕይንት አለው፣ አግዳሚ ወንበሩ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። ግን ጥሩ ትያትር ነው። የቸኮለ ሰው ይቺን ይዞ መሄድ ይችላል፣ ጊዜ ያለው ይከተለኝ።

ርዕሱን አልጽፍም። የተማሪዎቹን ስም፣ የሚማሩበትን ግቢ፣ ያሳዩበትን ክፍልም አልጽፍም። ልጆቹ ገና ሳይጀምሩ ለምነውናል፣ ስለ ትያትሩ የፈለጋችሁትን አውሩ ስለኛ ግን ተዉ ብለው። ታሪኩን ስትሰሙ ይገባችኋል። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ልቧ ወደ ወንድ ነው ወደ ሴት የሚያደላው የሚለው ግራ ገብቷት፣ ስድስት ወር ሙሉ ዶርም ውስጥ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። መልስ አታገኝም። ጓደኛ ግን ታገኛለች። ታሪኩ ይኸው ነው። እዚህ አገር ይህን ጮክ ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ለማንም አይጠፋውም። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ወንጀል ያደርገዋል፣ ከሱ በፊት የነበረው የ1949ኙም እንደዚያው ነበር። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሰፈር አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ አለ። ስለዚህ ስም አትጠብቁ።

ቦታው ፒያሳ አካባቢ ነው ብል ይበቃል። ፒያሳ ደግሞ እንደምታውቁት አቅጣጫ መጠየቂያዋ ጠፍቷል። በ2016 እነ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሱ ወዲህ ሰው ሁሉ በሌለ ነገር ነው የሚጠቁማችሁ፤ "ድሮ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ጋ ታጥፈህ፣ ግንቡ የነበረበትን አልፈህ" እየተባልኩ በሰፊው አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ስዞር ቆይቼ ደረስኩ።

በሩ ላይ አንዲት ልጅ ስልካችንን ትቀበላለች። ካርቶን ቁራጭ ላይ ቁጥር ጽፋ ትሰጣለች፣ ስልኩን ቅርጫት ውስጥ ታኖራለች። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ "ቢደወልልኝስ?" ሲላት፣ "እኔ አነሳልዎታለሁ ጋሼ፣ ትያትር ላይ ናቸው እላለሁ" አለችው። ሰውዬው ሳይወድ ሳቀ፣ ሰጣትም። መግቢያ አይከፈልም። ሲወጣ ለመብራት ኪራይ የፈቀዱትን የሚጥሉበት ሳጥን አለ። 11 ሰዓት ተብሎ 11 ተኩል ካለፈ በኋላ ነው የጀመረው፣ ይሄ እንኳን እዚህ አገር ብርቅ አይደለም።

መድረክ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ወለል ላይ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ፣ ገመዱ ላይ የተሰጣ ልብስ። ግቢ የኖረ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከታችኛው አልጋ ሥር ደግሞ ስቶቭ አለች።

ስቶቯ የትያትሩ ግማሽ ናት። ዶርም ውስጥ ስቶቭ ክልክል እንደሆነ፣ ክልክል ቢሆንም በየዶርሙ እንዳለ፣ ፕሮክተር የሚባል ሰው ደግሞ እሷን ሲያድን እንደሚውል የተማረ ሁሉ ያስታውሳል። ትያትሩ የሚከፈተው አራቱ የዶርም ልጆች ቡና ሊያፈሉ ሲሉ በሩ ሲንኳኳ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅልጥፍና ማየት ነበረባችሁ። ስቶቯ ባልዲ ውስጥ ገባች፣ እርጥብ ልብስ ተደረበባት፣ አንዷ ታማሚ ሆና ተጋደመች፣ አንዷ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠች፣ ጀበናው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሌላዋ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ማንም ለማንም ምን አድርጊ አላለም። ፕሮክተሯ ገብታ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ "ጸሎት ላይ ናችሁ? የዛሬው ጸሎታችሁ ቡና ቡና ይላል" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚህ አራት ልጆች አንዷ የሌላዋን ነገር ሳያመነቱ ይደብቃሉ። ዋናዋ ልጅ ግን ማንም ሊደብቅላት የማይችል ነገር አላት፣ ለነሱም ልታቀብለው አትችልም። ይህን ትያትሩ አይናገረውም፣ እኔ ነኝ የምለው። ባለመናገራቸው ግን አመስግኛቸዋለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ላይ መናገር የሌለባቸውን ብዙ ይናገራሉ፣ እመጣበታለሁ።

አንድ ሌላ በደንብ ያዩት ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ሁለት ወንዶችም ተቃቅፈው ከፒያሳ አራት ኪሎ ድረስ ቢሄዱ ማንም ምንም አይል፣ ጓደኛማቾች ናቸው፣ አለቀ። የዶርሙ ልጆችም ሲበርዳቸው አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ በአንድ ሳህን ይበላሉ፣ አንዷ የሌላዋን ሹራብ ለብሳ ክላስ ትሄዳለች። ለሦስቱ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ለአራተኛዋ ግን ነው። ጓደኛዋ እጇን ስትይዛት እጇ ምን ያህል እንደተያዘ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ሰበብ ፈልጋ፣ ፀጉሯን ልታስተካክል መስላ፣ ቀስ ብላ ታወጣዋለች። ተዋናይዋ ይህን በትያትሩ ውስጥ እየደጋገመች ታደርገዋለች፣ ትልቅ ነገር ሳታስመስለው። ከውጭ የመጣ ታሪክ ቀድተው ቢሆን ይቺ አትገኝም ነበር። እዚያ ሁለት ሴቶች እጅ ሲያያዙ ገና ጥያቄ ይነሳል፣ እዚህ ጥያቄው የሚነሳው በአንዷ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ብቸኝነቷም የሚብሰው ለዚህ ነው።

አንድ ወንድ ልጅ አለ፣ የሕግ ተማሪ፣ ይወዳታል። ክፉ አላደረጉትም፣ እግዜር ይስጣቸው። ጁስ ቤት ይዟት ሄዶ ስፕሪስ ያዝዛል፣ ምን እንደሚያወራ ይጠፋዋል፣ የአቮካዶውን ሽፋን በማንኪያ እየገፈፈ ስለ እናቱ ላም ያወራላታል። ደስ የሚል ልጅ ነው። እሷም ልትወደው ትሞክራለች፣ በእውነት ትሞክራለች፣ ስትመለስ ዶርሙ ሁሉ "ጠበሰሽ አይደል?" እያለ ሲከባት እንደነሱ ለመሳቅ ትታገላለች። አንድ ጊዜ ብቻዋን ሆና "ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን እኮ ከወንድሜም ጋር ደስ ይለኛል" ትላለች። ቀጥላ ደግሞ "ምናልባት ገና ስላልለመድኩ ይሆናል" ትላለች። ያቺን ሌላ ዲፓርትመንት ያለችውን፣ ሀንዳውት ያዋሰቻትን ሲኒየር ስታስብ ግን ሆዷ እንደሚባባ ታውቃለች። እሱንም አልጨረሰችውም፣ ይሄንንም አልጨረሰችውም። ይህን ያለመጨረስ ነገር ወደድኩት። ብዙ ሰው ከመድረክ ላይ ፍርድ ይጠብቃል፣ ነች ወይስ አይደለችም፣ ንገሩንና እንገላገል ይላል። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ግን እንደዚህ ናት፣ ዛሬ አንድ ነገር እርግጠኛ ናት፣ ነገ ሌላ።

ላይብረሪው ውስጥ ያለችው ትዕይንት አጭር ናት፣ ግን እስካሁን አለቀቀችኝም። ልጁ ለወንጀል ሕግ ፈተና እያጠና ነው። አንቀጽ በቁጥር ይሸመድዳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ። እሷ ከጎኑ ሆና የራሷን ደብተር በማርከር ታሰምራለች። ሲቆጥር ሲቆጥር 629 ላይ ይደርሳል። ምን እንደሚል በቃሉ ይወጣዋል፣ ልክ እንደሌላው አንቀጽ፣ ያለ ክፋት፣ ያለ ምንም ስሜት። "ይቺ ፈተና ላይ አትቀርም" ይልና ገጹን ይገልጣል፣ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸም፣ 652 ማመንዘር፣ እያለ ይቀጥላል። እሷ ማርከሩን አንድ ቦታ ላይ ጭና ቀርታለች፣ ቢጫው በወረቀቱ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ከፊት አግዳሚ የነበርን ሰዎች አየነው። ከኋላ የነበሩት አላዩትም መሰለኝ፣ ምክንያቱም መብራቱ ልጁ ላይ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አዘጋጁ መብራቱን ወደሷ ማዞር ነበረበት። አንቀጹን ጆሯችን እየሰማው ነው፣ ዓይናችን መሆን የነበረበት ማርከሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሹሩባው። ትያትሩን የተሸከመው ይሄ ትዕይንት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሁለቱ ልጆች ልብስ ሊያጥቡ ወጥተዋል። ዋናዋ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ጓደኛዋ ከኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና በጉልበቶቿ መሀል ይዛ ትሠራታለች። አቀማመጣቸውን ልብ በሉት። እኛ የልጅቷን ፊት እናያለን። የምትሠራት ጓደኛዋ ግን አታየውም፣ ለሷ የሚታያት ማጅራትና የፀጉር መስመር ብቻ ነው። ፊት ለፊት ቢሆኑ ኖሮ ልጅቷ ትንፍሽ አትልም ነበር።

እህቶቼ በር ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ እያየሁ ስላደግኩ ማስመሰል ከሆነ አውቅ ነበር። ማስመሰል አልነበረም። ጓደኝየዋ በማበጠሪያው ጭራ መስመር ታወጣለች፣ ከእጇ ጀርባ ካኖረችው ቅባት በጣቷ እየነካች ሥር ሥሩን ትቀባለች፣ ሦስት ቦታ ከፍላ ትጎነጉናለች፣ ጫፉን አፏ ውስጥ በያዘችው ክር ታስራለች። ልጅቷ ስለ ፈተና ታወራለች፣ ስለ ካፌው ሽሮ ታማለች፣ መሀል ላይ ድምጿን ሳትለውጥ "እኔ እኮ ያቺን ልጅ ሳያት፣ እናንተ ወንድ ስታዩ እንደምትሆኑት ነው መሰለኝ የምሆነው" ትላለች።

እጆቹ ቆሙ። ጉንጉኑ ጣቶቹ መሀል እንደተያዘ ቆመ። ክሩ አሁንም አፏ ውስጥ ነው። ረጅም ጊዜ ቆየ፣ ለተማሪ ተዋናይ ይህን ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል አይደለም፣ ብዙዎቹ ጭንቅ ብሏቸው ቀድመው ይናገራሉ። ከዚያ እጆቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ግን አጥብቀው። ልጅቷ ፊቷን ጨምደድ አደረገች።

"አመመሽ?"

"አይ፣ ቀጥዪ።"

"ራስሽን ቀና አድርጊ።"

በዚህ መሀል ከውጭ "ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ይሰማል። ግቢ ውስጥ ውሃ መጣ ከተባለ ሁሉም ጥሎ ነው የሚሮጠው። ጓደኝየዋ ጄሪካኗን አንስታ ወጣች። አልተመለሰችም። ልጅቷ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደተበተነ ቀረች። አጠገቤ ነጠላ ያደረጉ እናት ነበሩ፣ "ውይ፣ እንዲህ ጥለዋት?" አሉ ጮክ ብለው። ተዋናይዋ የሰማች መሰለኝ፣ ዓይኗ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ትዕይንቶች ሁሉ ልጅቷ ሻሽ አስራ ነው የምትሄደው። ምን ሆነሽ ሲሏት ብርድ መትቶኛል ትላለች። ጓደኛዋ ከሷ ጋር ካፌ መሄድ አቆመች፣ አንድ ሳህን ላይ የነበረው እጅ አነሰ፣ ማታ ላይ ታችኛው አልጋ የነበረው ወሬ ወደ ላይኛው አልጋ ተዛወረ። ማንም አልሰደባትም። ማንም አላባረራትም። ጸሎተኛዋ ልጅ እንኳን፣ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን መዘባበቻ የሚያደርጋት፣ አንድ ማታ አልጋዋ አጠገብ መጥታ "አልስማማበትም። እንዳትዋሺኝ፣ እኔም አልዋሽሽም። ግን ራትሽን ብዪ" ትላታለች። ይህችን መስመር የጻፈው ልጅ ሰው ያውቃል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል፣ መድረክ ላይ ግን ብዙም አናያቸውም። መድረክ ላይ ወይ ክፉ ነው ወይ መልአክ።

እናትየው በስልክ ብቻ ነው ያለችው። ከመጋረጃ ጀርባ ድምጿ ይመጣል። "እናትዬ በልተሻል? ጾሙን ይዘሻል? የነፍስ አባትሽን አግኝተሻቸዋል?" እያለች ትጠይቃለች፣ ልጅቷም እሺ፣ አዎ፣ እሺ ትላለች፣ እናትየዋ ልትዘጋ ስትል "ድምፅሽ ምን ሆኗል?" ትላለች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወጥተው ሲያመሰግኑ ነው ያቺ እናት ማን እንደነበረች ያወቅነው። ያ የሕግ ተማሪው ልጅ ነው! ቤቱ ጮኸ። ድሮ በአገራችን ትያትር ሲጀመር ሴት ተዋናይ ስላልነበረ ወንዶች ነበሩ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሴት ቦታ የሚጫወቱት፣ እነዚህ ልጆች ያንን አውቀው ይሁን ሴት ጎድሎባቸው አልጠየቅኳቸውም። ብቻ ልጁ የእናት ድምፅ ላይ ተክኗል።

የመታረቂያዋ ትዕይንት ላይ ጓደኝየዋ ከካፌ በፌስታል ሁለት ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ወዲያው ይቅርታ አትልም። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ታኖርና "ሻሹን አውልቂ" ትላለች። ልጅቷ ታወልቃለች። ግማሹ ሹሩባ ተሻሽቷል፣ ግማሹ ፀጉር ተያይዟል። ያው ቦታ ይቀመጣሉ፣ ያው ማበጠሪያ፣ ያው ቅባት። ጥቂት ከሠራች በኋላ፦

"እኔ ነኝ እንዴ?"

"ምኑ?"

"ያልሽው... እኔን ነው?"

"ኧረ አይደለሽም!"

ዝም። ማበጠሪያው ሁለት ጊዜ ወረደ።

"ምን አነሰኝ?"

እንዲህ ያለ ሳቅ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ትያትር ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የሳቁት እኮ ወጣቶቹ ብቻ አይደሉም፣ በሩ ላይ ስልኩን ሳይወድ የሰጠው ሰውዬ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። አጠገቤ ያሉት እናትም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንቀጠቀጣሉ። ጓደኝየዋ በመጨረሻ የምትለው "አይገባኝም። ሲገባኝ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ግን ብቻሽን አትቀመጪ" ብቻ ነው። የትያትሩ ጉልበት ይሄ ነው ለኔ። ጓደኛ ለመሆን ነገሩን መረዳት ግድ እንዳልሆነ ሳይሰብኩ አሳዩን።

ሳይሰብኩ ብዬ አፌን ሳልዘጋ ግን፣ አማካሪዋ ገባች።

ከየት እንደመጣች እንጃ። ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ፋይል የያዘች ሴት፣ ከሹሩባው ቀጥሎ፣ ልባችን ገና ሳይረጋ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ ማስረዳት ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ከበሽታዎች ዝርዝር አወጣው፣ ጉርምስና ማለት እንዲህ ነው፣ ስሜትና ማንነት የተለያዩ ናቸው፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የተናገረችው ስለ 1990ው እውነት ነው፣ ከእውነትነቱ ጋር ጠብ የለኝም። ግን አበል የሚከፈልበት ወርክሾፕ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ፣ ሻይና ኩኪስ ብቻ ነው የቀረው። ሃያ ደቂቃ! ዋናዋ ልጅ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንገቷን ስትነቀንቅ ቆየች። ለምን እንዳስገቡት ግን ይገባኛል። ፈርተዋል። ማንም መጥቶ ምን ለማለት ነው ቢላቸው "ትምህርት ነው" ለማለት ያስገቡት ጥግ ነው። ፍርሃቱ አይፈረድበትም፣ ትዕይንቱ ግን ይፈረድበታል። ከሹሩባው በኋላ ሊያስረዳን የሚችል ሰው የለም፣ ገብቶናል።

ዝናቡም የመጣው እዚያው ላይ ነው። የሰኔ ዝናብ፣ በቆርቆሮ ጣራ ላይ። አማካሪዋ እየጮኸች ቀጠለች፣ ከዚያ መብራት ጠፋ፣ እሷም በጨለማ ውስጥ ቀጠለች። አንድ ልጅ ከኋላ "እማማ፣ ነገ እንቀጥል" ሲላት እሷ ራሷ ሳቀች። ጄኔሬተር የለም፣ ሁለት የእጅ ባትሪ መጥቶ በዚያ ተጫወቱ፣ መብራቱ ሲመለስ ሁላችንም አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር በባትሪው ብርሃን የነበረው ክፍል ከኪራዩ መብራት ይበልጥ ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት አውቶቡስ ተራ ነው። ዓመቱ አልቋል፣ ልጅቷ ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ጓደኛዋ ሻንጣዋን ይዛ ሸኝታታለች። ረዳቱ እየተጣራ ነው። ስለ ትልቁ ነገር አንዲት ቃል አያወሩም። ስለ መቀመጫ ያወራሉ፣ መስኮት ጋ እንዳትቀመጪ ብርድ ነው፣ ቆሎው የታችኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ስትደርሺ ደውዪ። ልጅቷ ከእናቷ የሚጠብቃትን ጥያቄ ፈርታለች፣ ፊቷ ላይ ይታያል፣ ጓደኛዋም አይታዋለች፣ ግን ስለ ቆሎው ነው የምታወራው። እዚያ ላይ ቢያቆሙ እንዴት ባማረ። አላቆሙም። ሁሉም ተሰልፈው ወጥተው ስለ ፍቅር የሚዘምር መዝሙር ዘመሩልን፣ እጅ እያወዛወዙ፣ ከስፒከር ጋር ሳይገጥሙ። እኔ በዚያ ሰዓት ካርቶኔን ይዤ ስልኬን እያሰብኩ ነበር።

ትወናውን በአጭሩ። ዋናዋ ልጅ ጥሩ ናት፣ አንዳንዴ ድምጿ አይሰማም። ጓደኝየዋ የምትገርም ናት፣ እጇ ራሱ ይተውናል፣ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ሥራ ውስጥ እንዳትጠፋብን እሰጋለሁ። ፕሮክተሯ ማሳቅ ሲኖርባት የምታስቅ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ስቶቯን አግኝታ እያየች እንዳላየች ሆና የምትወጣ፣ በዚያች አንድ እርምጃ ስለ ሴትየዋ ብዙ ያሳወቀችን። የሕግ ተማሪው ከእናትነቱ ጋር ሁለት ጭብጨባ ይገባዋል። አማካሪዋ በተሰጣት ነገር የቻለችውን አድርጋለች።

ሲያልቅ በረንዳው ላይ ዝናቡን ስንጠብቅ ክርክር ተነሳ። አንዱ "ትያትር ለዚህ ነው እንዴ? ባህላችን የት ሄደ?" አለ፣ ንግግሩ ላይ ክፋት አልነበረበትም፣ የተጨነቀ ሰው ነበር። ሌላዋ "ሹሩባ ባህል አይደለም? ቡናስ? ማዕድ መካፈልስ?" አለችው። እኔ በሆዴ ያሰብኩት ሌላ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ትያትር፣ እንስሳትን እያናገረ ሹማምንቱን የተቸው፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ከዚያ ወዲህ ሀገር ፍቅር በ1927 ተቋቁሟል፣ ብሔራዊ ትያትር በ1948 ተከፍቷል፣ ሦስት መንግሥት አልፏል። መድረክ ላይ ምን ይነሳ ምን አይነሳ የሚለው ሙግት ግን ከትያትሩ እኩል ያረጀ ነው። ደስ የሚለው ሰውዬውና ልጅቷ ሳይጣሉ በአንድ ጃንጥላ ወጥተው ሄዱ፣ ታክሲ እስኪያገኙ ይከራከሩ ይሆናል።

ይህን ለማን እመክራለሁ? ነገሩን ለሚደግፍ ሰው ብቻ አይደለም። ዶርም ለኖረ ሁሉ፣ የቅርብ ጓደኛው አንድ ቀን የማይጠብቀውን ነገር ነግሮት ምን እንደሚል ጠፍቶት ለነበረ ሁሉ። ትያትሩ ማንንም ወደ ምንም አይጠራም፣ ማንንም አይሰድብም። ሕፃናት ይዞ የሚሄዱበት አይደለም፣ አስነዋሪ ነገር ስላለው አይደለም፣ ስለሚሰለቻቸው ነው።

ከፈተና በኋላ እንደገና ለማሳየት አስበዋል፣ ጥሪው የሚመጣው በሰው በሰው ነው። ከደረሳችሁ ቀደም ብላችሁ ሂዱና ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ማርከሩም እጆቹም የሚታዩት ከዚያ ነው። የሚደረብ ነገር ያዙ፣ የሚቀመጡበትም ጨርቅ ቢኖር አይከፋም። ሳጥኑ ላይ ደህና አድርጋችሁ ጣሉ። ለአዘጋጁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ ያቺን አማካሪ ቢያንስ ወደ አምስት ደቂቃ አውርዳት፣ መዝሙሩን ተወው፣ እኛም ታክሲ ሳያልቅ ቤታችን እንግባበት።